ድንጋዩን አምነን ሠዓሊውን የምንጠረጥረው ለምንድን ነው?

ወልቂጤ ላይ ተማሪዎች ፊት ቆሜ አንዳንዴ አንድ ጨዋታ እጫወታለሁ። ግድግዳው ላይ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አደርግና ዝም እላለሁ። በስተግራ ያለው የጢያ ትክል ድንጋይ ነው፤ ጎራዴዎች፣ ክቦችና ስማቸውን የማናውቃቸው ምልክቶች ተቀርጸውበታል። በስተቀኝ ያለው ከገብረ ክርስቶስ ደስታ ረቂቅ ሥዕሎች አንዱ ነው፤ ሰው የለበትም፣ ቤት የለበትም፣ ዛፍ የለበትም፤ ቅርጽና ቀለም ብቻ። ከዚያ «ምን ታያላችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ስለ ድንጋዩ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «የጥንት ሰዎች መልእክት ነው።» «ጎራዴው የጀግና ምልክት ይመስለኛል።» «ይቺኛዋ የእንሰት ቅጠል አትመስልም?» አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበለዋል። ወደ ሥዕሉ ስንዞር ግን ከኋላ ወንበር ሳቅ ይሰማል። «መምህር፣ ይሄንንማ ታናሽ ወንድሜም ይሥለዋል።»

የሚከነክነኝ እዚህ ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ ካለነው ሰዎች ድንጋዩን ማንበብ የሚችል አንድም የለም፤ እኔንም ጨምሮ። ሥዕሉንም «ይሄ ማለት እንዲህ ማለት ነው» ብሎ የሚፈታ የለም። አለማወቃችን እኩል ነው፤ እምነታችን ግን እኩል አይደለም። ድንጋዩ ሳይገባን ሲቀር «እኛ ነን ያልገባን» እንላለን። ሥዕሉ ሳይገባን ሲቀር «እሱ ነው ያላወቀበት» እንላለን። ለምን? ይህንን «ለምን» ይዘን ትንሽ አብረን እንሂድ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ድንጋዩ። ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ የተጓዛችሁ ሁሉ በጢያ አልፋችኋል፤ ግማሾቻችሁ ምናልባት መኪናው ውስጥ ተኝታችሁ። ሶዶ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ 36 ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ዩኔስኮ በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በሶዶ አካባቢ እንዲህ ዓይነት ሥፍራዎች ወደ 160 ገደማ ተገኝተዋል። ቁፋሮ ሲደረግ ከሥራቸው መቃብር ስለተገኘ፣ ከሙታን ጋር የተያያዙ መሆናቸው ይታወቃል። ምልክቶቹ ግን አብዛኞቹ እስከ ዛሬ አልተፈቱም። አስጎብኚዎች «የጎራዴው ቁጥር ሟቹ የገደለው ጠላት ብዛት ነው» ይሏችኋል። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ግምት መሆኑን ግን አትርሱ።

አሁን ሠዓሊው። ገብረ ክርስቶስን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በግጥሙ ነው። «ሀገሬ»ን የሰማ ተማሪ አጥቼ አላውቅም፤ ያው ሰውዬ ሠዓሊ መሆኑን ስነግራቸው ግን ይገረማሉ። በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ጀርመን፣ ወደ ኮሎኝ ከተማ ሄዶ ሥዕል ተማረ። በ1962 ተመለሰና አዲስ አበባ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። በ1963 ሥራዎቹን ለሕዝብ ሲያሳይ ክርክሩ ተነሣ። በ1965 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተሸለመ። ከአሥር ዓመት በላይ አለፈና አገር ለቀቀ፤ በ1981 አሜሪካ ውስጥ፣ ኦክላሆማ ግዛት ሎውተን በምትባል ከተማ፣ በስደት ሞተ። ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ያኔ የተነሡት ተቃውሞዎች ዛሬም ከኋላ ወንበር የምሰማቸው ናቸው። ሁለት ናቸው፦ «ልጅም ይሥለዋል» እና «የፈረንጅ ነው»።

ልጅም ይሥለዋል?

ይህን ጥያቄ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እንደ ቀልድ አላለፉትም፤ ለክተውታል። በ2011 አንጀሊና ሃውሊ-ዶላን እና ኤለን ዊነር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሥዕሎችን በጥንድ በጥንድ አዘጋጁ። ከጥንዱ አንዱ የታወቀ ረቂቅ ሠዓሊ ሥራ ነው። ሌላው የሕፃን፣ ወይም የቺምፓንዚ፣ ወይም የዝሆን ሥራ ነው። አዎ፣ ዝሆን በኩምቢዋ ብሩሽ ይዛ የሣለችው። ሁለቱ በመልክ እንዲመሳሰሉ ተደርገው ነው የተመረጡት። ከዚያ የሥዕል ተማሪዎችንና ሥዕል ተምረው የማያውቁ ሰዎችን «የትኛው ይበልጣል?» ብለው ጠየቁ። አንዳንዴ ስም ለጠፉ፣ አንዳንዴ ሳይለጥፉ ተዉት፣ አንዳንዴም ሆን ብለው ስሙን አቀያየሩት፤ የዝሆኗን ሥራ «ሠዓሊ» ብለው፣ የሠዓሊውን «ሕፃን» ብለው።

ሰዎቹ በግምት ብቻ ቢመርጡ ሳንቲም እንደመወርወር ግማሽ በግማሽ ይሆን ነበር። ግን አልሆነም። የሥዕል ተማሪውም ያልተማረውም፣ ስሙ ተቀያይሮ እንኳ፣ የሠዓሊውን ሥራ ከግማሽ በላይ መረጠ፤ ከ10 ጊዜ 6ቱን ወይም 7ቱን ገደማ። ለምን እንደመረጡ ሲጠየቁ ደግሞ «ይሄኛው ታስቦበት የተሠራ ይመስላል» የሚለውን ምክንያት ሌላውን ሥራ ሲመርጡ ከሚሰጡት ይልቅ የሠዓሊውን ሲመርጡ አብዝተው ይሰጡ ነበር። ከቀለሙ በስተጀርባ አንድ የሚያስብ ሰው እንዳለ ዓይናቸው ነግሯቸዋል ማለት ነው።

ቆይ፣ ቶሎ አታጨብጭቡ። ከ10 6 ማለት በአራቱ ተሳስተዋል ማለትም ነው። ስለዚህ ከኋላ ወንበር የሚስቀው ተማሪዬ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። አንዳንድ ረቂቅ ሥዕል ከሕፃን ሥራ በእውነት አይለይም፤ አንዳንዱም መጥፎ ነው። የገብረ ክርስቶስን ሥራዎች ራሱ ሁሉንም እኩል አልወዳቸውም፤ ጥቂቶቹ ኮሎኝ ውስጥ ተሰጥቶት በጥንቃቄ ሠርቶ ያስረከበው የቤት ሥራ ይመስሉኛል። ግን መጥፎ ግጥም አለና ግጥም የሚባል ነገር ውሸት ነው አንልም። እንላለን እንዴ?

ጥናቱ ለእኛ የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው። ጢያ ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ጎራዴዎቹ በእኩል ርቀት ሲደረደሩ፣ ክቡ ክብ እንዲሆን ጠራቢው ሲደክም፣ ጠንካራ ድንጋይ ላይ ያ ሁሉ ጉልበት ሲፈስ እናያለን። መልእክቱን ሳናነብ ሐሳቡን እናነባለን። «አንድ ሰው ይሄን በምክንያት አድርጎታል» እንላለን፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ሁሉ የሚመጣው ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ገብረ ክርስቶስ ፊት ስንደርስ ይቺን ዓረፍተ ነገር ሳንሞክራት ጥለናት እንሄዳለን።

የፈረንጅ ነው?

ይሄኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ እውነት አለበትና። ረቂቅ ሥዕልን እንደ ስልት ያጠናው ጀርመን ውስጥ ነው፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። የሚያስቀኝ ግን «የኛ» ተብሎ በተቃራኒው የሚቀርበው ሥዕል ነው። ተቃዋሚው የሚፈልገው ሰውዬው ሰው የሚመስልበት፣ ጥላና ብርሃን ያለው፣ ፎቶ የሚመስል ሥዕል ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ እሱስ ከየት መጣ?

ወደ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ ግድግዳውን እዩ። ቅዱሳኑ ሁለቱም ዓይናቸው ወደ እናንተ ያያል። ክፉዎቹ፣ ሰይጣንም ይሁዳም፣ በጎን ይሣሉና አንድ ዓይን ብቻ ይታያቸዋል። ሠዓሊው የጎን ፊት መሣል የሚወደው ለክፉ ሰው ነው። ትልቅ የሆነው ቅርብ ስለሆነ ሳይሆን ክቡር ስለሆነ ነው። ጥላ የለም። ርቀት የለም። ይህ ፎቶ የመምሰል ጥበብ አይደለም፤ ስምምነት ነው፤ ሠዓሊውና ምእመኑ አብረው የሚያውቁት ቋንቋ።

ፎቶ የመሰለው ሥዕል በብዛት የገባው ከዚያ በኋላ ነው። አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ ተምረው መጡ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በ1950ዎቹ መጨረሻ የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው መጡ። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ግን በ1963 አዲስ አበባ ላይ የተደረገው ክርክር «የኛ ከፈረንጅ» አልነበረም። ቀድሞ የመጣ ፈረንጅ ዘግይቶ ከመጣ ፈረንጅ ጋር ያደረገው ክርክር ነበር።

ሌላም ነገር አለ። «የማይገባ ሥዕል» የሚለው ክስ ጀርመን ውስጥ ራሱ ንጹሕ ታሪክ የለውም። በ1937 የሂትለር መንግሥት ሙኒክ ላይ ወደ 650 የሚሆኑ ዘመናዊ ሥዕሎችና ቅርጻ ቅርጾችን ሰብስቦ «የተበላሸ ጥበብ» በሚል ርዕስ አሳየ፤ ሕዝቡ መጥቶ እንዲስቅባቸው። ከተሳቀባቸው መካከል ዋሲሊ ካንዲንስኪ እና ፖል ክሌ ነበሩ። ገብረ ክርስቶስ ኮሎኝ የደረሰው ከዚያ ሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ከተማዋ ገና ከቦምብ ፍርስራሽ እያገገመች። ለእኩዮቹ ረቂቅ ሥዕል የቅንጦት ፋሽን አልነበረም። ትናንት የተከለከለ፣ ዛሬ የተፈታ ነገር ነበር። ወጣቱ የሐረር ልጅ ይዞ የተመለሰው ቀለም መቀባት ብቻ ሳይሆን ይሄንንም ጭምር ይመስለኛል፦ ሠዓሊ የሚሥለውን ማንም አያዘውም የሚል ሐሳብ።

ክትፎና ቀይ ቀለም

አሁን ትንሽ ሳይንስ። የምንሄደው ቡታጅራ፣ ክትፎ ቤት ነው።

ክትፎው በጥቁር ጣባ ቀረበላችሁ እንበል፤ ከጎኑ ጎመን፣ ከወዲያ ነጭ አይብ፣ ከሥር አረንጓዴ ኮባ። ክትፎው ለምን ይህን ያህል ቀይ ሆነ? ግማሹ መልስ ሥጋው ነው። ግማሹ ጎመኑ ነው። ያንኑ ክትፎ ቀይ ሳህን ላይ አድርጉት፤ ይደበዝዛል። ሥጋ ሻጮች በሥጋው መሀል አረንጓዴ ነገር የሚያደርጉበት አገር ሁሉ ይህን ያውቃል።

ይህን ነገር በደንብ ያጠናው አንድ የፈረንሣይ ኬሚስት ነው፤ ሚሼል ሸቭረል። ፓሪስ ውስጥ ጎብለን የተባለ የታወቀ የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ደንበኞች «ጥቁሩ ክር ደብዛዛ ነው» ብለው ቅሬታ አቀረቡ። ክሩን መረመረ፤ ምንም ችግር የለበትም። ለካ ችግሩ ከጥቁሩ አጠገብ የተሸመነው ቀለም ነበር። በ1839 ትልቅ መጽሐፍ አወጣ፤ ፍሬ ነገሩም አንድ ቀለም ብቻውን እንደማይታይ፣ ሁልጊዜ ከጎረቤቱ ጋር እንደሚታይ ነው።

ምክንያቱ ዓይናችን ውስጥ ነው። ቀለም የሚቀበሉ ሦስት ዓይነት ሴሎች አሉ። የእነሱ መልእክት ግን እንዳለ ወደ አንጎል አይሄድም፤ በመንገድ ላይ ይወዳደራል፦ ቀይ ከአረንጓዴ ጋር፣ ሰማያዊ ከቢጫ ጋር። መሞከር ትችላላችሁ። ደማቅ ቀይ ነገር ላይ ለ30 ሴኮንድ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ አፍጥጡ፤ ከዚያ ነጭ ግድግዳ እዩ። ወደ አረንጓዴ ያደላ ጥላ ይታያችኋል። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ የለም፤ የደከመው ቀይ ነው ተወዳዳሪውን ያስነሣው።

መስመርም እንዲሁ ነው። ዴቪድ ሁበል እና ቶርስተን ዊዝል የድመት አንጎል ውስጥ ለተወሰነ አቅጣጫ መስመር ብቻ የሚነቁ ሴሎች እንዳሉ አሳይተዋል፤ አንዱ ለቋሚ፣ ሌላው ለዘመመ። በዚህና በተያያዘ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው በ1981 ነው፤ ገብረ ክርስቶስ በሞተበት ዓመት። አጋጣሚ ነው፤ ግን ልለፈው አልቻልኩም። አንጎላችን «ዛፍ» ከማለቱ በፊት «መስመር፣ ዘንበል ያለ» ይላል ማለት ነው። ረቂቅ ሠዓሊ ዛፉን ትቶ እዚያ መስመሩ ላይ ይቆማል።

ታዲያ በዚህ ዕውቀት «ጎልጎታ» የተባለውን፣ ገብረ ክርስቶስ በ1963 የሣለውን ሥራ እንየው። ርዕሱ ስቅለት ነው፤ የእኛ ሠዓሊዎች ለዘመናት የሣሉት ታሪክ። አባቱም በብራና ላይ ይህንኑ ዓለም ነበር የሚሥሉት። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ማን ማን እንደሆነ ለይተን እናውቃለን፤ እመቤታችን በዚህ፣ ዮሐንስ በዚያ። በ«ጎልጎታ» ግን ታሪኩን የሚተርክልን ዝርዝር ወደ ኋላ ሄዶ ቀዩ ወደ ፊት መጥቷል። ሥዕሉ የሚናገረው በአብዛኛው በቀይ ነው። ለዓይን ማረፊያ የሚሆን፣ ክትፎው አጠገብ እንዳለው ጎመን ያለ ነገር አይሰጣችሁም። ቀዩን መሸሽ ከፈለጋችሁ ከሥዕሉ መውጣት አለባችሁ።

የሴሎቹ ሳይንስ ቀዩ ለምን እንደሚያስጨንቅ በከፊል ይነግረናል። ለምን ስቅለት እንደሆነ አይነግረንም። የቄስ ልጅ የአባቱን ታሪክ ወስዶ፣ ያለ አባቱ ምልክቶች፣ በሕመሙ ብቻ ሊናገረው መሞከሩ በላቦራቶሪ የሚለካ ነገር አይደለም። እኔ ይህን ሥዕል የኛ ወይም የነሱ ብዬ ለመመደብ ስሞክር እጄ ይዝላል። ሁለቱም ነው፤ ለዚያም ነው የሚያመው።

እስክንድርና ክታቡ

ሁለተኛውን ሰው ካላስገባሁ ሥዕሉ ይጎድላል። እስክንድር ቦጎሲያን በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በአባቱ በኩል የአርመን ዘር አለበት። በ1955 ለትምህርት ወደ ለንደን ተላከ፣ ከዚያ ወደ ፓሪስ ተሻገረ። በ1966 ተመልሶ ለጥቂት ዓመታት ካስተማረ በኋላ አሜሪካ ገባ፤ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከሃያ ዓመት በላይ አስተማረ፤ በ2003 እዚያው ሞተ።

የእስክንድር መንገድ ከገብረ ክርስቶስ በተቃራኒ ነው። ገብረ ክርስቶስ ምልክቱን እየቀነሰ ሄደ፤ እስክንድር እያበዛ። ደብተራ የሚጽፈውን ክታብ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ረጅም ብራና፣ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ የተቆረጠ፣ ትልልቅ ዓይኖችና የተጠላለፉ መስመሮች ያሉበት። ክታብ የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚያይ ነገር ነው፤ ዓይኖቹ ክፉውን መንፈስ አፍጥጠው እንዲያባርሩ ነው የተሣሉት። እስክንድር ፓሪስ ውስጥ ከፖል ክሌና ከኩባዊው ዊፍሬዶ ላም ሥራዎች ጋር ሲተዋወቅ፣ ይህን የልጅነቱን ዓለም አዲስ ሆኖ አገኘው። በ1964 የሣለው «የሌሊት በረራ፣ ፍርሃትና ደስታ» የሚባለው ሥራው ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በሰሜን ካሮላይና ሙዚየም ይገኛል።

ብዙ ሰው እስክንድርን ከገብረ ክርስቶስ አስበልጦ ይወዳል፤ «የኛ ነገር አለበት» ይላል። እኔ እዚህ ላይ አንድ ጥርጣሬ አለኝ። ክታብ ብራናው ላይ ሥራ አለው፤ የአንድ የታመመ ሰው ስም ተጽፎበታል። ሸራ ላይ ወጥቶ ኒው ዮርክ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ማንን ይፈውሳል? ተመልካቹ «የአፍሪካ መንፈስ» ብሎ አድንቆ ያልፋል፤ ሳይገባው የገባው ይመስለዋል። ገብረ ክርስቶስ ይህን ምቾት አይሰጥም። ግን ለእስክንድርም ፍትሐዊ ልሁን። ምልክቶቹን እንዳሉ ገልብጦ አልለጠፈም፤ ቀልጠው፣ ተዋልደው፣ በሌሊት ሰማይ ውስጥ የሚበሩ ፍጥረታት ሆነዋል። ምርጥ ሥራዎቹ ፊት ክታቡ የጀመረው ነገር ሲቀጥል አያለሁ፤ ሥዕሉ መልሶ ያየኛል።

ቀላሉን መልስ ስለ መተው

እዚህ ስደርስ አንዳንድ ተማሪዎች ጥሩ መልስ ያገኙ ይመስላቸዋል። «ታዲያ መምህር፣ ጢያ ራሱ አብስትራክት ነው ማለት ነው! እኛ ከፈረንጅ በፊት ጀምረናል!» መድረክ ላይም ይህ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ይጨበጨብለታል። እኔ አላጨበጭብም።

ጢያን የጠረበው ሰው ረቂቅ ሠዓሊ አልነበረም። ጎራዴው ለእሱና ለጎረቤቱ ጎራዴ ነው፤ ክቡም እነሱ የሚያውቁት ነገር ነው። ምልክቱ ዛሬ የጠፋብን ቋንቋው ስለጠፋ ነው። ገብረ ክርስቶስ ግን ከመጀመሪያውም የጋራ መዝገበ ቃላት የሌለው ሥዕል ሊሠራ ፈለገ። አንዱ የጠፋ ቁልፍ ነው፤ ሌላው ቁልፍ የሌለው በር ነው። ሁለቱን አንድ ካደረግን ሁለቱንም አላየንም። የሚመሳሰሉት በእኛ ላይ በሚያደርጉት ነገር ብቻ ነው፦ ሳይፈቱ ፊታቸው እንድንቆም ይጠይቁናል።

ሳይፈታ ደስ የሚለን ነገር ደግሞ ቤታችን ውስጥ ሞልቷል። የጉራጌ ሣር ቤት ውስጥ በጀርባችሁ ተኝታችሁ ጣራውን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከመሀል ምሰሶው እንደ ፀሐይ ጨረር የሚወጡት እንጨቶች፣ በላያቸው በክብ በክብ የሚዞሩት ማገሮች። «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ያለ ሰው አላጋጠመኝም። የነጠላ ጥለት፣ የሰፌድ ስፌት፣ እንደዚያው። ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታ ይህን የተረዳ ይመስለኛል፤ ሸማኔዎች የሚጠቀሙበትን ቀጫጭን ቀርከሃ ደርድሮ ሥዕሉን በላዩ ይሠራል፤ በ1992 በዳካሩ ቢየናሌ ተሸልሟል። ጥለት ላይ የማንጠይቀውን ጥያቄ ሸራ ላይ ለምን እንደምንጠይቅ እስቲ አስቡት። መልሱ «ጥለቱ ነጠላ ነው፣ ይለበሳል፤ ሥዕሉ ግን ምን ይሠራል?» ከሆነ፣ ጥሩ፤ አሁን እውነተኛው ክርክር ላይ ደርሰናል።

ለዚህ ክርክር ግን ማየት ያስፈልጋል፤ ችግራችንም እዚህ ነው። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ያለ ወጣት ገብረ ክርስቶስን የሚያገኘው በስልክ ነው። ክንድ የሚያህል ሥዕል መዳፍ ታክላለች። የብሩሹ ዱካ ይጠፋል፣ ቀዩ በስልኩ መብራት ይቀየራል፣ ጣታችሁ ደግሞ በሁለት ሴኮንድ ወደሚቀጥለው ትሸኘዋለች። ጢያን በፎቶ ብቻ ብታውቁትስ ድምፃችሁ ዝቅ ይል ነበር? ተማሪዎቼ ያመኑት ድንጋይ ቢያንስ በአውቶቡስ መስኮት ያዩት፣ በመጠኑ የሚያውቁት ድንጋይ ነው። ሳቁ የመጣው ከዕውቀት ማነስ ሳይሆን ከአካል ርቀት ይመስለኛል። የእስክንድር ጥሩ ሥራዎች ደግሞ አብዛኞቹ ባሕር ማዶ ናቸው።

ቢያንስ አንዱ ቅርብ ነው። አዲስ አበባ ስትሄዱ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ በገብረ ክርስቶስ ስም የተሰየመ ማዕከል አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ከገባችሁ ሁሉንም ለማየት አትሩጡ። አንድ ምረጡና አሥር ደቂቃ ቁሙበት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ይሰለቻሉ፤ ጥፋቱ የናንተ አይደለም። ካንዲንስኪ አንድ ምሽት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲገባ ግድግዳው ጥግ የማያውቀው የሚያምር ሥዕል አየ፤ ቀርቦ ሲመለከት በጎኑ የቆመ የራሱ ሥራ ነበር። ነገሩን ሳያውቀው ነው ቀለሙን ያየው። ስለዚህ እስከዚያው ስልካችሁ ላይ ያለውን ሥዕል ገልብጡት። ዛፍ መፈለግ ስታቆሙ ዓይናችሁ ወዴት ይሄዳል? የት ይቆማል? የትኛው ቀለም የትኛውን ይገፋል? ይህን ከመለሳችሁ በኋላ «አልወደድኩትም» ብትሉ ከእናንተ ጋር አልጣላም፤ ያኔ ያልወደዳችሁት ሥዕሉን ነው።

ባለፈው ጨዋታውን ስናደርግ ዝም ብላ የቆየች አንዲት የሶዶ ልጅ እጇን አወጣች። ሥዕሉን አይደለም የጠየቀችው። «መምህር፣ ያን ድንጋይ የጠረበው ሰውዬ ጨርሶ ሲያቆመው ጎረቤቶቹ ‹ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?› ብለውት ይሆን?» አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም፤ መልስ እየጠበቀች ነበር።